አምስት ጣት

«አውራ ጣትዎን እዚህች ክብ ላይ ያሳርፉ» ትላለች ስልክ ሻጯ አፊያ፤ ስልኩን አዙራ በባንኮኒው መስታወት ላይ ወደ እሱ እየገፋችው።

በኃይሉ አውራ ጣቱን በሱሪው ይጠርግና ያሳርፋል። ስልኩ ይነዝራል። ጣቱን ያነሳል፣ መልሶ ያሳርፋል፤ አሻራው ተመዝግቦ እስኪያልቅ ይታገሳል። የሚስጥር ቁጥሩንም ቀደም ብሎ ራሱ አስገብቷል፤ ሲያስገባ በግራ መዳፉ ከልሎ ነው።

ስልኩን የገዛው ለእጮኛው ለየወርቅውሃ ነው። ከጎኑ ቆማለች፤ ሻንጣዋ እግሯ ሥር ነው። ሰኞ እንጅባራ ላይ ሕፃናት ማስተማር ትጀምራለች። ቤት ተከራይታለች፤ የምትኖረው ብቻዋን ነው። የሚወስዳት ሚኒባስ ከሱቁ ማዶ ሰው እየጫነ ነው።

«ገባ» ትላለች አፊያ። «አሁን የእሷን እንመዝግብ።»

«ቆይ፣ ሌላም ጣት ልጨምር።» ሌባ ጣቱን ያሳያታል፤ ጥፍሩ ጠቁሯል። «ብየዳ ቤት ነው የምውለው፣ በር ሠሪ ነኝ። ዛሬ ያለ ጣት ነገ ላይኖር ይችላል።»

ጥግ ላይ የተቀመጡት የአፊያ አባት፣ ጋሽ ከቢር፣ ይስቃሉ። «አታሟርት እንጂ! ሰርጉን ሳታበላን?»

«እሱን ፈርቼ እኮ ነው፣ ጋሽ ከቢር።»

ሌባ ጣቱ ይመዘገባል፤ የመሃል ጣቱ ይከተላል። ከዚያ ወደ ግራ እጁ ይዞራል፤ አውራ ጣቱን።

አፊያ ስልኩን ትንሽ ወደ ራሷ ሳብ ታደርገዋለች። «ከአምስት በላይ አይቀበልም። የቀረችውን ለእሷ ይተዉላት።»

«አምስት» ይላል በኃይሉ፤ መስማቱን እንድታውቅለት ያህል ደግሞ። ስልኩን ከእጇ ሳይቀማ፣ እዚያው እጇ ላይ እንዳለ፣ የግራ ሌባ ጣቱን ያሳርፋል። ያነሳል። ያሳርፋል። ያነሳል።

ተጨማሪ አሻራ መመዝገብ እንደማይቻል የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል።

«ጠገበች» ይላል። ድምፁ እስካሁን አንዴም ከፍ አላለም።

የወርቅውሃ ለመሳቅ ትሞክራለች። «እኔስ በምን ልከፍታት ነው?»

«ምን መክፈት አስፈለገሽ፣ ወርቄ? እኔ ስደውል ያለ አሻራ ትነሳለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ እከፍትልሽና አብረን እናያለን።»

«እማዬ ጋ ልደውል ብልስ?»

«እኔ ደውዬ ደህና ናት እላታለሁ።» ሲም ካርዱ ወጥቶ ወደ አዲሱ የገባላትን፣ ጀርባዋ የተከፈተውን አሮጌ ስልኳን ከባንኮኒው ላይ ያነሳና ኪሱ ይከታል።

«ቁጥሮች አሉባት እኮ።»

«የኔን በቃልሽ ታውቂው የለ? በሙያዬ ልንገርሽ፤ ቁልፍ የበዛበት በር ክፍት በር ነው።»

«አሳቢ ልጅ ነው» ይላሉ ጋሽ ከቢር። «አላህ ያሳካላችሁ።»

«እንጅባራ! አንድ ሰው የቀረው! እንጅባራ!» የሚኒባሱ ረዳት ይጣራል። በኃይሉ ሻንጣዋን ያነሳል። «ቦታ ልያዝልሽ፤ አንቺ መስታወቷን አስለጥፈሽ ነይ።»

ይወጣል።

ስልኩ አፊያ እጅ ላይ ነው፤ የአሻራው ገጽ ገና አልተዘጋም። የሚለጠፈውን ፕላስቲክ ከወረቀቱ መላጥ ትጀምርና ትተወዋለች። አንገቷን ሰብራ፣ አባቷ በማይሰሙት ድምፅ፣ «አንዱን ጣቱን ላጥፋው» ትላለች። «ያንቺን እናስገባ። ቶሎ በይ።»

የወርቅውሃ እጇን ታነሳለች፤ ቀለበት ያሰረችበትን ነው። በበሩ በኩል ትመለከታለች። በኃይሉ ሻንጣዋን ጣሪያ ላይ ለወጣው ረዳት እያቀበለ ነው።

«የትኛውን?»

«የግራውን ሌባ ጣት። በግራ እጁ ማን ይከፍታል?»

«አምስቱንም ይሞክራል።» የወርቅውሃ ዓይኗን ከበሩ አታነሳም። «ቅዳሜ ገና ሳይቀመጥ አምስቱንም ይሞክራል። አታውቂውም።»

ጥግ ላይ ጋሽ ከቢር ያስላሉ። «አፊያ፣ ሰው መኪና እየጠበቀው ነው።»

ስክሪኑ ይደበዝዛል።

እንዲህ ሲደበዝዝ አንዴ ነካ ቢያደርጉት ይመለሳል፤ አፊያ ይህን ታውቃለች። ያለ እሱ ጣት የሚከፈተው እስኪጠፋ ድረስ ብቻ መሆኑንም ታውቃለች። የወርቅውሃ ጣት ከመስታወቱ በላይ ቆሟል፤ የሚለየው አንድ ስንዝር አይሞላም። ነካ ታድርገው ብላ አፊያ ትጠብቃለች። የወርቅውሃም አፊያን ትጠብቃለች።

ስክሪኑ ይጠቁራል።

አፊያ ፕላስቲኩን ላጥ አድርጋ በጠቆረው መስታወት ላይ ታለጥፋለች፤ የአየር አረፋውን በጨርቅ እየገፋች ወደ ጠርዝ ታወጣለች። የወርቅውሃ ምንም ለማታይበት መስታወት እንዲህ እየተጠነቀቀች መሆኗን ልብ ትላለች።

ስልኩ እጇ ላይ ይበራል፤ ይጮኻል። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው። ከመንገዱ ማዶ በኃይሉ ከሚኒባሱ በር አጠገብ ቆሟል፤ የራሱን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ በሌላው እጁ ረዳቱን ትንሽ ታገሰን እያለው። ወደ ሱቁ እያየ ፈገግ ይላል። የገዛት ስልክ መሥራቷን እያየ ነው።

አፊያ ስልኩን ትሰጣታለች። አረንጓዴዋን ምልክት ወደ ላይ መግፋት ብቻ ነው፤ የማን ጣት እንደሆነ አይጠይቅም።

የወርቅውሃ ትገፋዋለች። ጆሮዋ ላይ ታደርገዋለች። እሱ ዓይኗን ሊያይ በማይችልበት ርቀት ላይ ነው፤ እሷ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ጥላለች።

«አቤት» ትላለች።