በስቅለት ቀን የቦሎቄ ሽያጭ

ይቺም ጎረቤቴ ባዶ እጇን አልመጣችም። ክዳን ያለው ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ ይዛ፣ የቤዝቦል ሜዳውን አቋርጣ ፊቴ ታስቀምጠዋለች። «ኦዳሊስ፣ እስቲ የኔን ቅመሺ፤ ዘንድሮ ኮኮናት አብዝቼበታለሁ» ትላለች። ምን ልበላት? አንዱ ሳህን ሃምሳ ፔሶ ነው ልበላት? ከድስቴ ሞልቼ እሰጣታለሁ፤ መርቃኝ ትሄዳለች።

አሰልጣኙ ሬይሞን ጭንቅላቱን ይይዛል። «አንቺ ሴትዮ፣ ድስቱ ተጋመሰ እኮ! ገንዘቡ የታለ?»

«ሐሳቡ ያንተ ነው» እለዋለሁ።

ጣፋጭ ቦሎቄ ሸጠን ለልጆቹ ዕቃ እንግዛ ያለው እሱ ነው። ወንደላጤ ነው፤ በየዓመቱ ከየቤቱ ሲላክለት ይበላል እንጂ ልኮ አያውቅም። በኛ አገር በስቅለት ቀን ሥጋ እንጂ ወተት አይጾምም፤ ሰፈሩ ሁሉ ቦሎቄውን በወተትና በስኳር ሠርቶ ይለዋወጣል፤ ማን ይገዛል? እኛ እናቶችም ብንሆን ገና ሳይነጋ ተነስተን ስናማስል፣ ይሄ ለአንዳችንም አልታየንም።

ቻጎ ማንጎው ስር ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ይበላል። ያገለገለ የስፖርት ዕቃ ይሸጣል። ሞተሩ እጀታ ላይ የልጄ ፊት ተንጠልጥሏል፤ ማለቴ የፊት መከላከያው፣ የሽቦው ጭንብል። ከመቺው ኋላ ቁጢጥ ብሎ ኳስ የሚቀበለው የኔ ዌልቪን ነው። የቡድኑ አሮጌ ጭንብል ሽቦው ተሰብሮ፣ ባለፈው ወር ኳሷ ከንፈሩን ተረተረችው፤ አንድ ጥርሱንም ይዛ ሄደች። ደህና ጭንብል እስኪገኝ እዚያ ቦታ አትቀመጥም ብዬ ምያለሁ። እሱም ሌላ ቦታ ከምጫወት ቤቴ ብውል ይሻለኛል ብሎ አኩርፎኛል። ውድድሩ ሰኞ ነው። ቻጎ ደግሞ የስቅለቱ ሰልፍ እስኪደርስ ብቻ ነው የምጠብቃችሁ፣ ከዚያ ለሌላ ሰፈር ቡድን እሸጠዋለሁ ብሏል።

እየጠበቀ፣ ከየሳህኑ ይቀምሳል።

«ይሄ ከዚያኛው ይበልጣል» ይላል በማንኪያው እየጠቆመ።

«የትኛው ከየትኛው?» አሮጊቷ ዶኛ ኤርሲሊያ ከወንበራቸው ይነሳሉ። በዚህ ሰፈር ቦሎቄ ማለት እሳቸው ናቸው፤ አራት ወንዶች ልጆቻቸው ይህን ሲመሰክሩ ነው ያደጉት።

«የኦዳሊስ ከርስዎ» ይላል ቻጎ፣ አፉን እንደሞላ።

ጉድ ፈላ። ሴቶቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይናገራሉ፤ ባሎቻቸው ይጨመራሉ። አንዷ የሌላዋን ሳህን ቀምሳ ፊቷን ታጨማድዳለች። ሬይሞን ጠረጴዛው ላይ ዘሎ ይወጣል፤ ዓይኑ በርቷል።

«በነፃ ማውራት ቀርቷል! የእገሊት ይበልጣል የሚል አስር ፔሶ! ደጋግሞ መናገር ያማረው ደጋግሞ ይክፈል!»

በየሳህኑ ፊት ባዶ ጣሳ ይደረደራል። ለመብላት አንድ ፔሶ ያላወጣ ሰው፣ ለመከራከር ሲሆን ኪሱን ይገለብጣል። ለሚስቱ ያልከፈለ ባል ማታ ቤቱ እንዴት ይገባል? ቀስ በቀስ ሌሎቹ ጣሳዎች ዝም ይሉና የኔና የዶኛ ኤርሲሊያ ብቻ ይቀራሉ። እኔ እየመራሁ ነው። እኔ! ከሳን ሁዋን ተድሬ መጥቼ እስከ ዛሬ «ያቺ የውጭዋ» የምባለዋ! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

የሰልፉ መዝሙር ከላይኛው መንገድ ይሰማል። ቻጎ ማንኪያውን ይልስና የሞተሩን ቁልፍ ያወጣል።

«ትንሽ ጎድሎናል» ይለኛል ሬይሞን በጆሮዬ።

ክርክሩ በርዷል። ሰዉ ማን እንዳሸነፈ ገብቶታል። የዶኛ ኤርሲሊያ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው መሬት መሬት ያያሉ። ዌልቪን ወደ ሞተሩ ጠጋ ብሎ ጭንብሉን በጣቱ ጫፍ ይነካና ቶሎ እጁን ይሰበስባል። አንጀቴን ይበላዋል።

ዓይኔን በጨው አጥቤ አሮጊቷ ፊት እቆማለሁ።

«ዶኛ ኤርሲሊያ፣ አይዘኑ» እላለሁ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «እድሜ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ መለየት ሲያቅት እንዲህ ይመጣል። አራት ወንድ ወልደው አንድ የሚከራከርልዎ ማጣትዎ ነው የሚያሳዝነው!»

«እናቴን ነው?» ይላል ትልቁ ልጃቸው፤ ቦርሳውን እንዳለ ጣሳው ውስጥ ያራግፋል። ሁለተኛው ከሚስቱ ቦርሳ ይመዛል። ሦስተኛው አጠገቡ ከቆመው ይበደራል። የመጨረሻው ገንዘብ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ይሮጣል። እኔም ሬይሞን ክርኔን ይዞ «በቃ፣ ሞልቷል! በቃ!» እስኪለኝ ምላሴን አላሳርፍም።

ዶኛ ኤርሲሊያ አሸነፉ፤ ያውም በሰፊው። ልጆቻቸው ከነወንበራቸው ያነሷቸዋል፤ ሜዳው በጭብጨባ ይናጋል። ሲያወርዷቸው እኔን ያቅፉኛል።

«ዘንድሮ የኔው አርሮብኛል፤ ምላሴ ገና አልሞተም» ይሉኛል በጆሮዬ። «የስድቡን ነገር ግን ለብቻችን እንነጋገራለን።»

ቻጎ ገንዘቡን ተቀብሎ ጭንብሉን ለዌልቪን ይሰጠዋል። ልጄ ግን አይፈነጥዝም። ጭንብሉን ደረቱ ላይ አቅፎ ወደኔ ይመጣል።

«እማ፣ ያንቺ እኮ ነበር የሚበልጠው። ሁሉም ያውቃል።»

«ይሁን፣ የኔ ልጅ።»

«በገንዘብ ነው የበለጡሽ! እንጂማ…»

ልነግረው እልና እተወዋለሁ። እንደዛሬ ተሸንፌ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ይህን ለልጅ እንዴት ብለው ያስረዱታል? ጓደኞቹ እየጮሁ ወደኛ ሲሮጡ ያይና ጭንብሉን ቶሎ ፊቱ ላይ ያጠልቀዋል። ልኩ ነው። ሽቦውም ጠንካራ ነው። ከሽቦው ወዲያ፣ ማንም ሳያየው፣ ለኔ ያለቅሳል።