የሹራቡ እጅጌ

ጽጌረዳ በጉለሌው ቀበሌ ሊቀ መንበር ፊት ቆማ፣ በቃሏ ያጠናችውን የሕይወት ታሪኳን ወረደችው፤ ለሥራ መቀጠሪያ የምትሻው የድጋፍ ደብዳቤ ያለዚህ አይጻፍም ነበር።

«ጽጌረዳ መሸሻ እባላለሁ። አባቴ አዲሱ ገበያ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሁለቱም ወላጆቼ አርፈዋል። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። በትርፍ ጊዜዬ ሹራብ እሠራለሁ።»

«ወንድም፣ እህትስ?»

«የለኝም፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለች፤ የእስረኛ እህት መባል ደብዳቤውን እንዳያስከለክላት፣ ከታሰረ ሰባት ወር ያለፈውን ታላቅ ወንድሟን ክዳ።

ሊቀ መንበሩ ብዕሩን አስቀመጠ። «አጃኢብ ነው! ዛሬ የሥጋ ዘመድ ከፈረመለት የሚፈታ አንድ እስረኛ አለን። እህቴ ብሎ የሰጠን ያንቺን ስም ነው።» ወደ ጓዳው ዞሮ ጮኸ፤ «አምጡት!»

ወንድሟ ገባ። በእጇ የሠራችለት፣ እጅጌው ላይ ስሟ የተጠለፈበት አረንጓዴ ሹራብ በከሳ ገላው ላይ ተንዘላዝሏል። እውነቱን ልትናገር ከንፈሯን ስታላቅቅ ሊቀ መንበሩ ቀደማት።

«እህትህ ይህቺ ናት? ወንድም የለኝም ትላለች።»

ወንድሟ ፊቷን አየ፤ ዋሽታ መያዟ ገባው። የሹራቡን እጅጌ ቀስ ብሎ ወደ ኋላው ደበቀ።

«ተሳስቻለሁ፣ ጓድ። እኔ እህት የለኝም።»

መልሰው ወሰዱት። ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን መትቶ ደብዳቤውን ዘረጋላት። አልተቀበለችውም፤ ዓይኗ ወንድሟ በተወሰደበት በር ላይ ነበር።