አንድ ለእናቱ

በያጁ ከቤት ርቆ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። እሁድ እሁድ እናቱ እየደወለች የዘመድ አዝማዱን ወሬ ትዘከዝክለታለች።

«አክስትህ ተሽሏታል» አለችው ዛሬም። «የአጎትህ ልጅ መንታ ወልዳ፣ ተቀባብለው እያለቀሱ ጎረቤት አላስተኛ ብለዋል። ደግሞ ልጄ ትናንት ከሄደበት ገባልኝ! እንዴት ከስቷል መሰለህ፤ አቅፌው አደርኩ።»

«የትኛው ልጅሽ፣ እማዬ?»

«ስንት አለኝና? አንድ ለእናቱ!» ብላ ሳቀች።

እርጅና ተጫወተባት ብሎ እንባው መጣ። ከተለያት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ ሰምቷት አያውቅም፤ በየት አንጀቱ «እኔ እኮ እዚህ ነኝ» ይበላት?

«እንኳን ደስ ያለሽ» አላት።

«ቆይ፣ ላገናኝህ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ተሰማው። ከዚያ በብየዳ ጭስ የሻከረው የገዛ ራሱ ድምፅ፣ «አቤት፣ ማን ልበል?» አለው።