ጫማና ሳሙና በድርድሩ ደጃፍ

ዋርሳዋ ከመስታወቱ በር ወዲያ ይስቃል። ጫማ ሠሪዋ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ድምፁ ባይሰማትም ትከሻው ሲነቀነቅ ያስታውቃል። ደግሞ ምን ያስቃል? እዚህ ለቅሶ ባይኖርም ሠርግም የለ።

ውስጥ የነፃ ንግድ ስምምነት ድርድር ላይ ናቸው። ነጋዴ ድርድሩ ውስጥ አይገባም፤ ደጅ ይቀመጥና ተደራዳሪው በእረፍት ሰዓት አንድ በአንድ እየጠራ ያማክረዋል፤ አሁን በእረፍቱ የተጠራው ዋርሳዋ ነው። እሷ ጫማ ታመርታለች፣ ዋርሳዋ፣ የሟች ባሏ ወንድም፣ ደግሞ ሳሙና። ጠዋት ደረጃው ላይ ተማምለዋል፤ ለየብቻ ቢጠየቁም ሁለቱም ዕቃ ከቀረጥ ቅነሳው ይውጣ፣ አንዱን ነጥለን አንሰጥም ሊሉ። የውጭ ጫማ ያለ ቀረጥ ከገባ ፋብሪካዋ ዓመት አይደፍንም። ልጆቿም ሠራተኞቿም ሜዳ ላይ ይቀራሉ።

አሁን ግን ሆዷ ጠረጠረ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ሳይጠይቅ የቀረበት ሳምንት የለም። ቢሆንስ? ለራሱ ሲቆርስ ማን ያሳንሳል! የሳሙና ነጋዴ መሐላ አረፋ መሆኑን ሳታውቅ ቀርታ ነው? ሞኝነቷ አናደዳት።

በሩ ተከፈተ። ዋርሳዋ ዓይኗን ሳያይ ተራዋ መሆኑን ነግሯት አለፈ። አለማየቱ ጭራሽ ልቧን አሻከረው።

ተደራዳሪው ድካም የተጫነው ሰው ነው። ሌላው ወገን ከቅነሳው እንዲወጣ የፈቀደው አንድ ዕቃ ብቻ እንደሆነ ነገራትና፣ ከጫማና ከሳሙና የቱ ይትረፍ ብሎ ጠየቃት። ስለ መሐላው ትንፍሽ አላለችም።

«ጫማ» አለች። «የሱ ሳሙና ጥሬ ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ነው። ፋብሪካውም እንደሚወራለት አይደለም፤ ቢዘጋ የሚጎዳ ሰው የለም።»

ተደራዳሪው ብዕሩን አስቀመጠ።

«እሱም ጫማ ነው ያለን። ለሁለቱም ለምኖ ለምኖ አልሆን ሲለው፣ እንግዲህ የሷ ይትረፍ፣ ልጆች አሉባት አለ። ምነው እህቴ፣ ተጣልታችኋል?»

ዞር ብላ የመስታወቱን በር አየች። ያ ሳቅ የጨነቀው ሰው ሳቅ ኖሯል። አፈረች፣ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

ስትወጣ ዋርሳዋ ቆሞ ይጠብቃታል።

«ስለኔ ሳሙና አነሳሽላቸው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የምችለውን ያህል ተናገርኩ።»

«እግዜር ይስጥሽ» አለና ቦርሳዋን ተቀብሏት ደረጃውን ቀድሟት ወረደ።