ባዶው መስመር

ሉዝቪሚንዳ በኢሎይሎ ከተማ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነርስነት በሠራችባቸው ሃያ ዓመታት አንድ ነገር ሲያንገበግባት ኖሯል፤ የበሽተኛው ካርድ ላይ «አስታማሚ» የሚለው መስመር ባዶ ሆኖ ሲቀር። የመተንፈሻ ማሽንም ነርስም ስለማይበቃ፣ በራሱ መተንፈስ ያቃተውን በሽተኛ የአየር ፊኛውን በእጁ እየጨመቀ የሚያስተነፍሰው አስታማሚው ነው። ሰው የሌለው በሽተኛ ይሞታል።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ብቻቸውን ለመጡ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ፊኛውን የምትጨምቀው እሷ ነበረች።

«ሲስተር፣ ሰዓትሽ አለፈ እኮ! ቤት የሚጠብቅሽ የለም እንዴ?» አላት ዘበኛው።

«ድመቷም ጥላኝ ሄዳለች።»

ዘበኛው ሳቀ። እሷ ግን በቀኝ እጇ መጭመቋን ሳታቋርጥ፣ በግራዋ ካርዱን ስባ ባዶው መስመር ላይ ስሟን እያንጋደደች ጻፈች። «ዝምድና» የሚለው ጋ ስትደርስ ትንሽ ቆየችና፣ «ልጅ» ብላ ሞላችው።