መኪና የሚያዘልል ዘንግ

ጠዋት ሁሉም ከጋራዡ ጀርባ ካለው ቁልቁለት ላይ ተሰበሰበ። ሁሉም ሲባል የመኪናው ባለቤት፣ ሹፌሩ፣ የሹፌሩ ሚስት፣ የሹፌሩ እናትና ቡሎን የሚሉት መካኒክ ነው። ቡሎን ያሉት አጭርና ድፍን ያለ ስለሆነ ነው። ሚስትየው ትከሻ ላይ የተኛ ሕፃንም አለ።

ሕፃኑ ከተኛ ቆይቷል። እሷ ግን ዝም ብላ መቆም አቅቷት ታወዛውዘዋለች።

«ኧረ በቃው፣ ራሱን ልታዞሪበት ነው» አለቻት አማቷ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት የባለቤቱ ፒክአፕ ጭር ያለ መንገድ ላይ ተገለበጠ። ውስጡ የነበሩት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። እሷን ጭረት እንኳ አልነካትም። እሱን በሩ ቀኝ እጁን መታውና ይኸው በፋሻ አንጠልጥሎታል። «ከመኪናው ሆድ ስር ያለው ዘንግ ተበጥሶ መሬት ወጋና አነሳን» ይላል ሹፌሩ። ያ ዘንግ ደግሞ ሥራው የሞተሩን ጉልበት ለኋላ ጎማ ማድረስ ነው እንጂ መኪና ማዝለል አይደለም።

«ብረቱ ፌንጣ ነው እንዴ?» አለ ባለቤቱ። «እንቅልፍ ጣለኝ በለኝና እንገላገል። እኔም ልጅ አሳድጌያለሁ።»

«አልተኛም፣ ጋሼ!» አለች ሚስትየው።

«ታዲያ ሲበር ነበር።»

«ሠላሳ እንኳ አልሞላም» አለች። «የፍጥነት መርፌዋን እያየሁ ነበር።»

«እስቲ ወንዶቹ ይነጋገሩበት» አለች አማቷ ቆጣ ብላ። «ሌሊቱን ሙሉ ልጅ አሸክመሽው ታድሪያለሽ፤ ቀን ደግሞ ጋቢና ገብተሽ ወሬ ትጠርቂለታለሽ። የኔ ልጅ ብረት መሰለሽ?»

ሚስትየው ልጁን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረችው።

ውሉ ግልጽ ነበር። ዘንጉ መኪና ካነሳ ሹፌሩ ወደ ሥራው ይመለሳል። ካላነሳ ባለቤቱ ከዚህ በቀጥታ ትራፊክ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፤ መንጃ ፈቃዱም እንጀራውም አለቀለት ማለት ነው።

ቡሎን ሞተር የሌለው አሮጌ ፒክአፕ ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁሟል። መሪውን በገመድ ጠፍሮ አስሮታል። ዘንጉን አንድ ጫፉን ፈትቶ በሽቦ ሰቅሎታል፤ ሽቦውን ደግሞ ከረጅም ሲባጎ ጋር አገናኝቶ ሲባጎውን ጉቶ ላይ ቋጥሮታል። መኪናው ሲወርድ ሲባጎው ይወጠራል፣ ሽቦው ይፈታል፣ ዘንጉ ይወድቃል።

«ዞር በሉ! ፍሬን የለውም፤ እንደ አማት ምላስ ነው» አለ ቡሎን።

«የራስህን አማት ስደብ!» አለች የሹፌሩ እናት።

ድንጋዩን ከጎማው ስር አወጣ። መኪናው እየተንገጫገጨ ወረደ። ሲባጎው ጧ አለ፣ ዘንጉ ወደቀ፣ ከዚያ መሬቱን እየጫረ እንደ ውሻ ጭራ ተጎተተ። መኪናው ታች ደርሶ በሰላም ቆመ።

ባለቤቱ እጁን አራገፈ። «አያችሁ አይደል? አለቀ።»

ሹፌሩ መሬት መሬት አየ። ሚስትየው ቡሎን ጋ ሮጠች።

«የቱን ጫፍ ነው የፈታኸው?»

«የኋላውን፣ እህቴ። የተገለበጠው መኪና ዘንግ ሁለቱም ጫፉ ተሰብሯል፤ የቱ እንደቀደመ ማን ያውቃል? እኔ ጋ የሚመጣው ሁሌ የኋላው ነው።»

«የፊቱ ነው! ከእግሬ ስር ነው ኳ ያለው። ከዚያ ነዳጅ ቢሰጠው ሞተሩ ይጮሃል እንጂ መኪናው አይሄድም። ከዚያ... ከዚያ ጉድጓዱ መጣ።»

«ጉድጓድ ነበረ?»

«ነበረ እንጂ!»

ቡሎን ግንባሩን ግራሶ በነካው እጁ መታ። «ታዲያ እስካሁን ምላስሽን ምን ዋጠው?»

«አንድ ዕድል ብለን ነበር» አለ ባለቤቱ።

«ጋሼ፣ በሞቴ» አለች። «እግርዎ ላይ ልውደቅ? አንዴ ብቻ።» ሕፃኑ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ባለቤቱ ልቅሶ አይወድም። በእጁ «እሺ፣ ቶሎ» አለ።

ቡሎን መኪናውን አስጎትቶ አወጣ። ዘንጉን ከኋላ አጥብቆ ከፊት ፈታው። ቁልቁለቱ ወገብ ላይ በአካፋ ጉድጓድ ቆፈረ። ሚስትየው አንዴ ወዲያ አንዴ ወዲህ ትላለች፤ ከንፈሯን ነክሳ ልትጨርሰው ነው።

ድንጋዩ ወጣ። መኪናው ወረደ። ሲባጎው ጧ።

ዘንጉ በፊት ጫፉ ወረደ፣ የጉድጓዱን ከንፈር ወጋ፣ ተተከለ። የመኪናው ቂጥ ተነሳ። ተነሳና ለአፍታ ሰማይ አይቶ ቆመ፤ ከዚያ በጎኑ ዘፍ አለ። አቧራው ሁሉንም ሸፈናቸው።

ሕፃኑ ልቅሶውን አቀለጠው።

«አይ ፌንጣ!» አለ ቡሎን።

ባለቤቱ አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ መጥቶ የሹፌሩን ደህናውን ትከሻ መታ መታ አደረገው። «እጅህ ሲሻልህ ና። ቁልፉ ይጠብቅሃል።»

አማትየው እልል አለች። «ብያለሁ፤ የኔ ልጅ መሪ ላይ አያንቀላፋም!»

ሚስትየው ሣሩ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። እናቱ እስክትርቅ ጠበቀና የሚስቱ ጆሮ ስር ተጠጋ።

«ሁለተኛ መንዳት ሳስተምርሽ ግን፣ ምንም ቢመጣ መሪውን እንዳትለቂው» አላት።