ኖራው የቦነነ ዕለት

የመጀመሪያዋ ሴት የቴኒስ ሻምፒዮን እሷ ነበረች። እርጅና ጉልበቷን ሰብሮት፣ ጠያቂ አጥታ ብትኖርም፣ ያንን ክብር ግን ማንም አልነጠቃትም። የተጫወተችበት የቴኒስ ክለብ የምሥረታ በዓሉን እንደሚያከብር በሬዲዮ ስትሰማ ነጭ ቀሚሷን ተኩሳ፣ ከዘራዋን ይዛ፣ ሳትጠራ ሄደች። መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

መድረኩ ላይ ንግግር የምታደርገው ያኔ በፍጻሜው በእሷ የተሸነፈችው ንጋቷ ነበረች፤ ዛሬ የክለቡ የክብር ፕሬዚዳንት ናት።

በዚያ ዘመን ለሴቶች ጨዋታ ዳኛ አይመደብም ነበር። እያንዳንዷ በራሷ ሜዳ በወደቀው ኳስ ላይ ራሷ ትፈርዳለች። መስመር የነካ ኳስ እንደ ገባ ይቆጠራል፤ እሷ ግን ዋንጫውን የሚወስነው የንጋቷ ኳስ መስመሩ ላይ አርፎ የተሰመረበትን ኖራ ሲያቦነው እያየች «አውት!» ብላ ጮኸች።

«እርግጠኛ ነሽ፣ እህቴ?» አለቻት ንጋቷ፣ መረቡ ድረስ መጥታ።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

ንጋቷ እጇን ዘርግታ ጨበጠቻት።

ንግግሩ ሲያበቃ አንዲት ወጣት ተጫዋች እጇን አወጣች። «የመጀመሪያዋ ሻምፒዮናችን የት ናቸው? በሕይወት አሉ?»

ንጋቷ አዳራሹን ቃኘች። ዓይኗ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሲደርስ ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። አሮጊቷ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለመነሳት ከዘራዋን ጨበጥ አደረገች።

«አርፋለች፣ ልጄ» አለች ንጋቷ፣ ዓይኗን ከእሷ ላይ ሳትነቅል። «ስትቀበር በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እስቲ ለነፍሷ አንድ ደቂቃ እንቁምላት።»

አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። እሷም ከዘራዋን ተደግፋ፣ አንገቷን ደፍታ ቆመች።